በአነስተኛ በጀት የጌም ኮምፒውተር ሲገጣጠም ገንዘቡ የት መዋል አለበት?

ለቪዲዮ ጌም የሚሆን ኮምፒውተር ለመገጣጠም ያሰበ ሰው ትልቁ ችግር የገንዘብ ማነስ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ የብዙዎቹ ኮምፒውተሮች ድክመት የሚመነጨው ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ከአከፋፈሉ ነው። ውድ ፕሮሰሰር ተገዝቶ ደካማ ግራፊክስ ካርድ ይሰካበታል፤ ወይም ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ተገኝቶ አምራቹ በማይታወቅ ፓወር ሰፕላይ እንዲሠራ ይደረጋል። የመጀመሪያው ስህተት ገንዘብ ያባክናል። ሁለተኛው ደግሞ በወራት ቁጠባ የተገዛውን ሁሉ በአንድ ምሽት ሊያቃጥል ይችላል።

በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ምርጫውን የሚያከብዱ ሌሎች ጉዳዮችም አሉ። ዕቃዎቹ ከውጭ የሚገቡት በዶላር ተገዝተው ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል ይቆራረጣል፤ ተመልሶ ሲመጣም መጠኑ ከፍና ዝቅ ይላል። የተበላሸ ዕቃን ለሻጩ መልሶ ምትክ ማግኘት በብዙ አጋጣሚ አይቻልም። ስለዚህ አውሮፓ ወይም አሜሪካ ለሚኖር ገዢ የተዘጋጀ የዕቃ ዝርዝር አዲስ አበባ፣ ናይሮቢ ወይም ጅቡቲ ላለ ሰው እንዳለ ላይሠራ ይችላል።

ለመሆኑ ከየትኛው ዕቃ ላይ መቆጠብ ይቻላል? ከየትኛውስ ላይ አይቻልም?

ከዕቃው በፊት ጌሙና ስክሪኑ

መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ "ምን ልጫወት?" የሚለው ነው። እንደ ዶታ 2 እና ቫሎራንት ያሉ የፉክክር ጌሞች ከባድ ምስል ስለማያሳዩ መጠነኛ አቅም ባለው ኮምፒውተር ላይ በደንብ ይሠራሉ። በቅርብ ዓመታት የወጡና ሰፊ ዓለም የሚያሳዩ ጌሞች ግን ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ይሻሉ።

አንዳንዶቹ ጌሞች ጨርሶ የማይደራደሩበት መስፈርት አላቸው። ለምሳሌ እአአ በ2024 መጨረሻ የወጣው ኢንዲያና ጆንስ ኤንድ ዘ ግሬት ሰርክል እና በ2025 የወጣው ዱም ዘ ዳርክ ኤጅስ 'ሬይ ትሬሲንግ' የተሰኘውን የብርሃን ስሌት የሚሠራ ክፍል ያለው ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋሉ። ይህ ክፍል በሌለው አሮጌ ካርድ ላይ የምስሉን ጥራት ዝቅ በማድረግ ብቻ እነዚህን ጌሞች መጫወት አይቻልም።

ሁለተኛው ጥያቄ ስክሪኑን ይመለከታል። ባለ 1920 በ1080 ስክሪን ሁለት ሚሊዮን ገደማ ነጥቦች ወይም ፒክስሎች አሉት። 'ፎር ኬ' የሚባለው ስክሪን ደግሞ ከስምንት ሚሊዮን በላይ ፒክስሎችን ይይዛል። ግራፊክስ ካርዱ እያንዳንዱን ፒክስል በሰከንድ በርካታ ጊዜ ማስላት ስላለበት፣ ስክሪኑ ሲተልቅ ሥራው እስከ አራት እጥፍ ይጨምራል። በጀቱ አነስተኛ ለሆነ ሰው ባለ 1920 በ1080 ስክሪን ተገቢው ምርጫ ነው።

ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስል እንደሚቀይርም መታወቅ አለበት። በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ የሚቀይር ስክሪን ያለው ሰው በሰከንድ 200 ምስል የሚያመነጭ ካርድ ቢገዛ፣ የከፈለበትን ብልጫ አብዛኛውን በዓይኑ አያየውም።

መቶውን ብር ማከፋፈል

ያለዎትን ገንዘብ በሙሉ 100 ብር ነው ብለው ያስቡት። ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ ማውዝና ዩፒኤስ ለብቻቸው ተይዘው፣ ለኮምፒውተሩ ብቻ የሚሆን ሚዛናዊ አከፋፈል የሚከተለውን ይመስላል፦ ለግራፊክስ ካርድ 38 ብር፣ ለፕሮሰሰር 18፣ ለማዘርቦርድ 12፣ ለራም 10፣ ለፓወር ሰፕላይ 9፣ ለማከማቻ 8፣ ለኬዝ 5።

ቁጥሮቹ እንደ ገበያው ሁኔታ ይለዋወጣሉ፤ ቅደም ተከተሉ ግን ብዙም አይለወጥም። በጌም ጊዜ ምስሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርዱ ስለሆነ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። ኬዙና የሚያብረቀርቁ መብራቶች ለጌሙ ፍጥነት የሚጨምሩት ነገር ስለሌለ ከሁሉ የመጨረሻውን ድርሻ ያገኛሉ።

በአካባቢያችን እንዲህ ያለው ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ ለጨዋታ ብቻ አይውልም። ቀን የቪዲዮ ቅንብር፣ የሕንፃ ንድፍ ወይም የፕሮግራም ሥራ የሚሠራበት ሰው ለራምና ለፕሮሰሰር ትንሽ ጨምሮ ከግራፊክስ ካርዱ ቢቀንስ ተገቢ ነው። ኮምፒውተሩ ገቢ የሚያስገኝ ከሆነም ከኃይል መቆራረጥ መጠበቁ ይበልጥ አስፈላጊ ይሆናል።

ግራፊክስ ካርድ

ግራፊክስ ካርድ ሲመረጥ ሦስት ነገሮች ይታያሉ፦ የስሌት አቅሙ፣ የራሱ ማኅደረ ትውስታ መጠን እና የሚፈጀው ኃይል።

በማኅደረ ትውስታ ረገድ ዛሬ 8 ጊጋባይት መነሻ ሊባል ይችላል። ባለ 4 ጊጋባይት ካርዶች ቀለል ያሉ ጌሞችን ያጫውታሉ፤ በአዳዲሶቹ ላይ ግን ምስሉ ይቆራረጣል ወይም ጥራቱን በእጅጉ ዝቅ ማድረግ ግድ ይላል።

በኃይል ፍጆታ ረገድ በካርዶች መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። እአአ በ2021 የወጣው የኤኤምዲ ራዲዮን አርኤክስ 6600 ባለ 8 ጊጋባይት ሲሆን 132 ዋት ይፈጃል። የኤንቪዲያ ጂፎርስ አርቲኤክስ 4060 እንዲሁ 8 ጊጋባይት ይዞ በ115 ዋት ይሠራል። በ2017 የወጣው አርኤክስ 580 ግን ከሁለቱም በአቅም እያነሰ 185 ዋት ይወስዳል። በዋጋ ርካሽ ሆኖ የተገኘው አሮጌ ካርድ ተጨማሪ ሙቀት፣ ከፍ ያለ የኤሌክትሪክ ሂሳብና ጠንከር ያለ ፓወር ሰፕላይ ይዞ ይመጣል።

ኢንቴል በ2024 መጨረሻ ያወጣው አርክ ቢ580 ባለ 12 ጊጋባይት ሲሆን፣ ሲወጣ ዋጋው 249 ዶላር ነበር። ለዋጋው ጥሩ አቅም አለው። ነገር ግን አሮጌ ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ ላይ ሲሰካ አቅሙ በግልጽ ይቀንሳል። 'ሪሳይዘብል ባር' የተባለውን አሠራር የማይደግፍ ኮምፒውተር ላላቸው ሰዎች ይህ ካርድ አይመከርም።

የአምራቹ የሶፍትዌር ድጋፍም የዋጋው አካል ነው። ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1060 እና 1080ን ለሚያካትተው ትውልድ ለአዳዲስ ጌሞች የሚያወጣውን መደበኛ ማሻሻያ በ2025 አቁሞ የደኅንነት ማሻሻያ ብቻ መስጠቱን ቀጥሏል። እነዚህን ካርዶች ዛሬ የሚገዛ ሰው የቆዩ ጌሞችን ለመጫወት ካልሆነ በቀር ዕድሜው የተገባደደ ዕቃ እየገዛ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ

ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ አብረው የሚመረጡ ናቸው። ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት 'ሶኬት' ከማዘርቦርዱ ጋር ካልገጠመ ሁለቱ አብረው አይሠሩም።

ለአነስተኛ በጀት ስድስት ኮር ያለው ፕሮሰሰር በቂ ነው። በ2022 የወጣው የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600 እና የኢንቴል ኮር አይ5-12400ኤፍ ሁለቱም ስድስት ኮር አላቸው። ገንዘቡ ይበልጥ ካነሰ ባለ አራት ኮሩ ኮር አይ3-12100ኤፍ ከመካከለኛ ግራፊክስ ካርድ ጋር በደንብ ይሠራል።

በስም መጨረሻ ላይ ያሉት ፊደላት ትርጉም አላቸው። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች 'ኤፍ' የሚለው ፊደል ፕሮሰሰሩ በራሱ ምስል ማውጣት እንደማይችል ያመለክታል። በኤኤምዲ በኩል ራይዘን 5 5600 ያለ ግራፊክስ ካርድ ስክሪን ላይ ምንም አያሳይም፤ ራይዘን 5 5600ጂ ግን የራሱ ግራፊክስ አለው።

ይህ ልዩነት ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ላልሞላለት ሰው መንገድ ይከፍታል። በ5600ጂ ጀምሮ ለወራት ቀላል ጌሞችን እየተጫወቱና እየሠሩበት ቆይቶ በኋላ ግራፊክስ ካርድ መጨመር ይቻላል።

ሌላው ጉዳይ የወደፊቱ ነው። የኤኤምዲ 'ኤኤም4' ሶኬት ከ2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ነው፤ ዕቃዎቹ በገበያ ላይ በብዛት ስለሚገኙ አዲስም ሆነ ያገለገለ ማግኘት ይቀላል። በ2022 የመጣው 'ኤኤም5' ደግሞ ሲገዛ ይወደዳል፤ ሆኖም ከዓመታት በኋላ ማዘርቦርዱን ሳይለውጡ አዲስ ፕሮሰሰር ለመግዛት ያስችላል። ኤኤምዲ ይህን ሶኬት ቢያንስ እስከ 2027 እንደሚደግፍ አስታውቋል።

ኤኤም4 ማዘርቦርድ ሲገዛ ሻጩን መጠየቅ የሚገባ አንድ ነገር አለ። በ2018 የወጡት 'ቢ450' ማዘርቦርዶች የራይዘን 5000 ፕሮሰሰሮችን የሚቀበሉት የውስጥ ሶፍትዌራቸው ወይም ባዮሳቸው ከታደሰ በኋላ ነው። ያልታደሰ ማዘርቦርድ ገዝቶ ቤቱ የወሰደ ሰው ዕቃው ሳይበላሽ የተበላሸ ሊመስለው ይችላል። ዕድሳቱ ሱቅ ውስጥ እንዲሠራ መጠየቅ ይገባል።

ያገለገለ የኢንቴል ፕሮሰሰር የሚገዙም ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ኩባንያው በ13ኛውና በ14ኛው ትውልድ ጠንካራ ፕሮሰሰሮቹ ላይ ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ ጉዳት እንደሚያስከትል በ2024 አረጋግጦ የባዮስ ማስተካከያ አውጥቷል። ማስተካከያው ቀድሞ የደረሰን ጉዳት አይመልስም።

ራምና ማከማቻ

ለዛሬ ጌሞች 16 ጊጋባይት ራም ተገቢው መጠን ነው። አንድ ባለ 16 ከመግዛት ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት መግዛት ይመረጣል፤ ምክንያቱም ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ መረጃ በሁለት መስመር ይተላለፋል። በተለይ የራሱ ግራፊክስ ባለው ፕሮሰሰር ላይ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

'ዲዲአር4' እና 'ዲዲአር5' የተባሉት የራም ዓይነቶች አይተካኩም። ኤኤም4 የሚቀበለው ዲዲአር4ን፣ ኤኤም5 ደግሞ ዲዲአር5ን ብቻ ነው። ለ12ኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር የተሠሩ ማዘርቦርዶች እንደ ሞዴላቸው አንዱን ወይም ሌላውን ስለሚቀበሉ ራም ከመገዛቱ በፊት የማዘርቦርዱ ስም መረጋገጥ አለበት።

የራም ዋጋ በ2025 የመጨረሻ ወራት በዓለም ገበያ በፍጥነት ጨምሯል። ለዚህ ዋነኛው ምክንያት ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡ የመረጃ ማዕከላት የማኅደረ ትውስታ ቺፖችን በብዛት መግዛታቸው ነው። ከሦስቱ የዓለም ትልልቅ አምራቾች አንዱ የሆነው ማይክሮን፣ 'ክሩሻል' በሚል ስም ለተራ ተጠቃሚዎች ያቀርብ የነበረውን ምርት እንደሚያቆም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አስታውቋል። እንዲህ ባለው ወቅት ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ፣ ነገር ግን በትክክል የሚሠራ ዲዲአር4 ራም መግዛት ብልህነት ነው። ራም በአገልግሎት ብዛት ቶሎ የሚያረጅ ዕቃ አይደለም።

ለማከማቻ ኤስኤስዲ እንጂ ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ አይመከርም። መጠኑን በተመለከተ የጌሞቹን ክብደት ማየት ይበቃል፤ ካውንተር-ስትራይክ 2 ብቻውን 85 ጊጋባይት፣ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 25 ደግሞ 100 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃሉ። ባለ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ከዊንዶውስ በተጨማሪ አንድ ወይም ሁለት ትልልቅ ጌሞችን ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ከ500 ጊጋባይት መጀመር፣ ከተቻለም 1 ቴራባይት መግዛት ይሻላል።

ይህ መጠን የኢንተርኔት ወጪንም ያመለክታል። በዳታ ጥቅል ለሚጠቀም ሰው 100 ጊጋባይት ማውረድ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ስቲም የተባለው የጌም መደብር ከ2023 ጀምሮ በአንድ ቤት ወይም ቢሮ ኔትወርክ ውስጥ ካለ ሌላ ኮምፒውተር ጌሙን ቀድቶ መውሰድ የሚያስችል አሠራር አለው። ጌሙን አስቀድሞ ያወረደ ወዳጅ ካለ ይህ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ፓወር ሰፕላይ፦ የማይቆጠብበት ዕቃ

የፓወር ሰፕላይ ተግባር ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ወይም 240 ቮልት ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ለውጦ ለእያንዳንዱ ክፍል ማዳረስ ነው። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ችግር ሲፈጠር ራሱን አጥፍቶ ሌሎቹን ያተርፋል። መጥፎው ግን ሲቃጠል ከሱ ጋር የተያያዙትን ማዘርቦርድና ግራፊክስ ካርድ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

በዚህ ክፍል ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዋት ቁጥር ነው። ራይዘን 5 5600 እና አርኤክስ 6600 ያሉት ኮምፒውተር በጌም ጊዜ በጠቅላላው ከ300 ዋት በታች ይፈጃል። ስለዚህ ከታወቀ አምራች የተገዛ ባለ 500 ወይም 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ከበቂ በላይ ነው። በአንጻሩ ስሙ በማይታወቅ ርካሽ ዕቃ ላይ የተጻፈ "700 ዋት" የተለጠፈ ወረቀት እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። በጎኑ ባለው ሠንጠረዥ በ12 ቮልት መስመር ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ይመልከቱ፤ አምፔሩ በ12 ሲባዛ ውጤቱ ከተጻፈው ዋት በጣም የሚያንስ ከሆነ ዕቃው ለጌም ኮምፒውተር አይሆንም።

'80 ፕላስ' የሚለው ምልክት ፓወር ሰፕላዩ ኃይል ሳያባክን መሥራቱን ይለካል። የመከላከያ ክፍሎቹን ጥራት ግን አይለካም። በመሆኑም ምልክቱ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ የአምራቹ ስምና የሚሰጠው የዋስትና ዘመን አብረው መታየት አለባቸው።

ከአሜሪካ ለሚመጡ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ልዩ ማሳሰቢያ አለ። አንዳንድ ፓወር ሰፕላዮች ከኋላቸው 115 እና 230 የሚል ማብሪያ አላቸው። አሜሪካ 120 ቮልት ስለምትጠቀም ማብሪያው በ115 ላይ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። እንዲህ እንዳለ በአካባቢያችን ሶኬት ላይ ከተሰካ ወዲያውኑ ይቃጠላል። ከዘመድ የተላከ ኮምፒውተር ከመሰካቱ በፊት ይህን ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ከኮምፒውተሩ ውጭ ያለው መከላከያ ደግሞ ዩፒኤስ ነው። ተራ ዲቫይደር ሶኬት ያበዛል እንጂ የቮልቴጅ መዋዠቅን አይከላከልም። የቮልቴጅ ማስተካከያ ያለው ዩፒኤስ ግን መብራት ሲጠፋ ሥራን አስቀምጦ ኮምፒውተሩን ለማጥፋት የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል፤ ቮልቴጁ ከፍና ዝቅ ሲልም ያስተካክላል። እዚህም ላይ ቁጥሩን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። '650 ቪኤ' የሚል ዩፒኤስ 650 ዋት አይሰጥም፤ ትክክለኛው አቅሙ ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው።

ዩፒኤስ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው መብራት ሲጠፋ ገመዱን ነቅሎ፣ ከተመለሰ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ቢሰካ ከብዙ ጉዳት ይድናል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።

ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ

በአነስተኛ በጀት ያገለገለ ዕቃ መግዛት የተለመደና ተገቢ መንገድ ነው። ነገር ግን ሁሉም ዕቃ እኩል አደጋ የለውም። ፕሮሰሰርና ራም ሳይበላሹ ረጅም ዘመን ስለሚያገለግሉ ያገለገሉትን መግዛት ብዙም አያሰጋም። ግራፊክስ ካርድና ማዘርቦርድ ተፈትነው ይገዛሉ። ፓወር ሰፕላይ ግን የኋላ ታሪኩ ካልታወቀ አዲስ ቢገዛ ይሻላል።

በገበያው ያሉ ብዙ አሮጌ ግራፊክስ ካርዶች ክሪፕቶከረንሲ ሲያመነጩ የነበሩ ናቸው። ኢቴሪየም የተባለው ክሪፕቶከረንሲ በመስከረም 2022 አሠራሩን ለውጦ ግራፊክስ ካርድ የማይፈልግ ከሆነ በኋላ እነዚህ ካርዶች በብዛት ለሽያጭ ወጥተዋል። ሌት ተቀን የሠራ ካርድ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው ማቀዝቀዣው ስለሆነ ድምፁንና ሙቀቱን ማጤን ያስፈልጋል።

ማጭበርበርም አለ። አሮጌ ካርድ የውስጥ ሶፍትዌሩ ተለውጦ አዲስ ሞዴል መስሎ እንዲታይ ሊደረግ ይችላል። 'ጂፒዩ-ዚ' የተባለው ነጻ ፕሮግራም ሐሰተኛ የኤንቪዲያ ካርዶችን ለይቶ ያሳያል። ከዚህ የተለየው ደግሞ ሕጋዊ ሆኖ ግን አሳሳች የሆነ ስም ነው። 'አርኤክስ 580 2048ኤስፒ' የሚባለው ካርድ 2,048 የስሌት ክፍሎች ሲኖሩት ዋናው አርኤክስ 580 ግን 2,304 አለው። በዋናው ዋጋ ከተገዛ ገዢው ተጎድቷል ማለት ነው።

ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የሚከተሉትን ማድረግ ይገባል፦

ካርዱ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ከባድ ጌም ወይም መፈተኛ ፕሮግራም እንዲሠራ ይጠይቁ። በስክሪኑ ላይ እንግዳ ነጠብጣቦች ወይም መስመሮች ከታዩ አይግዙ።

ሁሉንም የስክሪን መሰኪያዎች አንድ በአንድ ይሞክሩ።

የኤኤም4 ፕሮሰሰር ከሆነ ከታች ያሉት እግሮች እንዳልተጣመሙ ይመልከቱ። በኢንቴልና በኤኤም5 ግን እግሮቹ ያሉት በማዘርቦርዱ ሶኬት ውስጥ ስለሆነ ማየት የሚገባው እዚያ ነው።

የኤስኤስዲውን የተጻፈ መጠን ብቻ አይመኑ። ትልልቅ ፋይሎችን እስኪሞላ ድረስ ገልብጠው መልሰው መክፈት እውነተኛ መጠኑን ያሳያል።

ሻጩ ዕቃው እንዲፈተን ካልፈቀደ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ ትቶ መሄድ ይሻላል።

ከቢሮ ኮምፒውተር መነሳት

ሌላው አማራጭ ከቢሮ የወጣ ዴስክቶፕ ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ መጨመር ነው። እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ እና ኤችፒ ኤሊትዴስክ ያሉት በክልሉ ገበያዎች የሚገኙ ሲሆን ለጀማሪ ጥሩ መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ።

ገደባቸውን ግን አስቀድሞ ማወቅ ያሻል። ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ለራሳቸው ብቻ የተሠራ ፓወር ሰፕላይና መሰኪያ ስለሆነ ከገበያ በተገዛ ዕቃ መተካት ያስቸግራል። ለእነዚህ የሚስማማው ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልግ ካርድ ነው። 75 ዋት የሚፈጁት አብዛኞቹ የጂቲኤክስ 1650 ሞዴሎች እና 70 ዋት የሚፈጀው ባለ 6 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050 ኃይል የሚያገኙት ከማዘርቦርዱ ብቻ ነው። ኬዙ ቀጭን ከሆነ ደግሞ አጭር ቁመት ያለው ካርድ ያስፈልጋል።

የፕሮሰሰሩ ትውልድም ወሳኝ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 2025 ላይ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚደግፈው በኢንቴል በኩል ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው። እንደ ቫሎራንትና ባትልፊልድ 6 ያሉ ጌሞች ማጭበርበርን ለመከላከል በኮምፒውተሩ ውስጥ የተወሰኑ የደኅንነት መስፈርቶች እንዲሟሉ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ባለ 6ኛ ትውልድ ኮምፒውተር በርካሽ ተገኘ ብሎ መግዛት በኋላ ከሁለት ያጣ ሊያደርግ ይችላል።

ከአገር ውስጥ ወይስ ከውጭ?

ኢትዮጵያ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገች በኋላ ብር ከዶላር አንጻር ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጥቷል። ከውጭ የሚመጣ የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋም ይህንኑ ተከትሏል። በዚህ ላይ ጉምሩክ እንደ ዕቃው ዓይነት የሚጥለው ቀረጥ እና ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፤ ታክሱ በኢትዮጵያ 15 በመቶ፣ በኬንያ ደግሞ 16 በመቶ ነው። ከውጭ ለማስመጣት የሚያስብ ሰው የዕቃውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን እነዚህን ሁሉ ደምሮ ከመርካቶ ወይም ከናይሮቢው ሉቱሊ ጎዳና ዋጋ ጋር ማነጻጸር አለበት።

በባሕረ ሰላጤው አገራት የሚኖር ዘመድ ያላቸው ሰዎች ዕቃ ከዱባይ ማስመጣትን ይመርጣሉ። በዚህ ጊዜ ምን ከየት እንደሚገዛ መለየት ይጠቅማል። ፕሮሰሰር፣ ራምና ኤስኤስዲ ቀላልና ትናንሽ ስለሆኑ ለጉዞ ይመቻሉ። ኬዝ፣ ስክሪንና ዩፒኤስ ከባድና በቀላሉ የሚጎዱ በመሆናቸው ከአገር ውስጥ መግዛት ይሻላል። ግራፊክስ ካርድ በመካከል ነው፤ በዋናው ካርቶኑ ታሽጎ በእጅ ሻንጣ ቢመጣ ይመረጣል።

የዋስትና ጉዳይም አለ። ዱባይ የተገዛ ካርድ ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ ወደ ገዙበት ሱቅ መመለስ አለበት። በአገር ውስጥ ጥቂት ከፍ ባለ ዋጋ የሚሸጥ፣ ግን የጽሑፍ ዋስትናና ደረሰኝ የሚሰጥ ሻጭ ካለ የዋጋ ልዩነቱ እንደ መድን ሊቆጠር ይችላል።

ሙቀት፣ አቧራና ከፍታ

ኬዝ ሲመረጥ ከውበቱ ይልቅ አየር ማስገቢያው ይታያል። ፊቱ በመስታወት የተዘጋ ኬዝ ካርዱን ያፍናል። ከፊት ወንፊት ያለው፣ አንድ ማስገቢያና አንድ ማስወጫ ፋን የተገጠመለት ርካሽ ኬዝ ይበቃል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በግምት በአንድ አምስተኛ የሳሳ ነው። ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢሽከረከርም ሙቀት የሚወስደው አየር ያንሳል፤ የከተማዋ ቀዝቃዛነት ግን ይህን በከፊል ያካክሳል። ጅቡቲ፣ ሞቃዲሾና ድሬዳዋ ላሉት ችግሩ የአካባቢው ሙቀት ራሱ ነው። በእነዚህ ከተሞች አነስተኛ ኃይል የሚፈጅ ካርድ መምረጥ ከማንኛውም ተጨማሪ ፋን የበለጠ ይጠቅማል። በሁሉም ቦታ ግን አቧራን በየጥቂት ወሩ ማጽዳት ያስፈልጋል።

ገንዘቡ ካልበቃ ምን ይቆይ?

በጀቱ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ካልሸፈነ፣ በኋላ ሊሻሻል የሚችለውን ዝቅ አድርጎ ጀምሮ ለመቀየር የሚያስቸግረውን ከመነሻው በደንብ መግዛት ይመከራል። ራምና ማከማቻ በማንኛውም ጊዜ ይጨመራሉ። ግራፊክስ ካርድ ሸጦ በተሻለ መተካት ይቻላል። ኬዝና ኪቦርድ ከወዳጅ የተገኘም ቢሆን ይሠራል። ማዘርቦርድን መቀየር ግን ኮምፒውተሩን እንደገና መገጣጠም ማለት ነው፤ መጥፎ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ እስኪቀየር ድረስ ሁሉንም አደጋ ላይ ይጥላል።

ስለዚህ ከሱቅ ሊወጡ ሲሉ ትርፍ ገንዘብ ከቀረዎት ከፍ ወዳለ ፕሮሰሰር ወይም ባለ ቀለም መብራት ከመሄድዎ በፊት ሁለት ነገሮችን ያረጋግጡ፦ ፓወር ሰፕላዩ ከታወቀ አምራች መሆኑን እና ኮምፒውተሩ ቤት ሲደርስ የሚሰካበት ዩፒኤስ መኖሩን። ከዚያም ኮምፒውተሩ ተገጣጥሞ፣ ጌም ተጭኖበት፣ ሻጩ ፊት ለግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ደረሰኙን ተቀብለው ይውሰዱት።